«መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ ትሮጣለህ» ለሚሉን

በዚህ ግቢ ሲጋራ ላቁም ብሎ የተነሳ ሰው የሚሰማው ምክር ከሁለት አያልፍም። አንደኛው «ቆራጥ ከሆንክ ዛሬውኑ ታቆማለህ፣ አለቀ!» የሚለው ነው። ሁለተኛው ሻል ያለ ይመስላል፤ «መጀመሪያ አቁም፣ ሳንባህ ሲጸዳ ደግሞ ቀስ ብለህ ስፖርት ትጀምራለህ» ይላል። በመጀመሪያው ላይ ብዙ ስለተባለ እኔ አልደክምበትም። የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ምክሩ አስተዋይ ይመስላል፣ የሚመክሩንም የሚያዝኑልን ሰዎች ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ።

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሦስት ዓመት ያህል አጭሻለሁ፤ ካቆምኩ ደግሞ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ይህ ግን የንስሐ ጽሑፍ አይደለም። «እኔን ያየህ ተቀጣ» ልልም አልተነሳሁም፤ የሲጋራን ጉዳት የማያውቅ ተማሪ እዚህ ግቢ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከፓኮው ገጽ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል እንዲሸፈን አዟል። ጥሩ ነው። ግን ፍሬ በፍሬ የሚገዛ ተማሪ ፓኮውን የት አግኝቶ ያየዋል? እሱ የሚያየው የባለሱቁን እጅ ነው። እኔ ላነሳ የፈለግኩት ስለ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። (የአካውንቲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፤ የትኛው ከየትኛው ቀድሞ መመዝገብ እንዳለበት ካልታወቀ እንቅልፍ አይወስደኝም።)

እስቲ ከሂሳቡ እንነሳ። በቀን አምስት ፍሬ የሚያጨስ ልጅ በኛ ግቢ «ያን ያህል አያጨስም» ነው የሚባለው። አምስት ፍሬ በዓመት 1,825 ፍሬ ነው፤ ዋጋውን እያንዳንዱ አንባቢ በሰፈሩ ሱቅ ያባዛው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በሲጋራ ላይ ከፋብሪካ ዋጋው 30 በመቶ፣ በ20 ፍሬ ፓኮ ላይ ደግሞ 8 ብር ጥሏል። ታክስ በአገር ደረጃ አጫሽን እንደሚቀንስ እኛም በክፍል የተማርነው ነው። ዶርም ውስጥ የማየው ግን ዋጋ ሲጨምር የሚያቆም ሰው ሳይሆን አንዷን ፍሬ ለሁለት የሚካፈል ሰው ነው።

ቁም ነገሩ ገንዘቡ አይደለም። እነዚያ አምስት ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ሰዓትና ቦታ አላቸው። አንዷ ጠዋት ክፍል ከመግባታችን በፊት ናት። አንዷ ከምሳ በኋላ ከቡና ጋር ትጨሳለች። አንዷ ከክፍል እንደወጣን፣ አንዷ 11 ሰዓት ላይ ከግቢው ውጪ ካለችው ሱቅ ደጃፍ፣ የመጨረሻዋ ማታ ከጥናት መሃል። አጫሽ ቀኑን የሚቆጥረው በነዚህ ነው። ከማን ጋር እንደሚቆም፣ መቼ ከወንበሩ እንደሚነሳ፣ መቼ ነፋስ እንደሚቀበል የሚወስኑለት እነሱ ናቸው። የማያጨሰው ልጅ ላይብረሪ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይነሳ ሲቀመጥ አጫሹ በየሰዓቱ ይወጣል፤ ሳቁ፣ ሐሜቱ፣ የኳሱ ወሬ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያ ውጪ ነው። እንግዲህ ይህን ልጅ «አቁም» ስንለው ጭሱን ብቻ ሳይሆን አምስት እረፍቶቹንም ነው የምንነጥቀው። በምትኩ ምን ሰጠነው? ምንም። «ሳንባህ እስኪጸዳ ጠብቅ!»

ለመሆኑ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይካሄዳል? ኒኮቲን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ በሁለት ሰዓት ገደማ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። ጠዋት የተጨሰችው ረፋድ ላይ ሌላዋን የምትጠራው ለዚህ ነው። ካቆሙ በኋላ መነጫነጩ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻሉ፣ የእንቅልፍ መረበሹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጣሪያ ይነካል። ከዚያ እየቀለለ ሄዶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አብዛኛው ያልፋል። ሐራራው ራሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ የሚቆይ ነገር አይደለም። እንደ ምጥ መጣ ሄድ ይላል፤ አንዱ ሲመጣ የጥቂት ደቂቃዎች ጉዳይ ነው። እግር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፈጠን ያለ የ10 ደቂቃ እርምጃ የዚያን ሰዓት ሐራራ እንደሚያበርድ በተለያዩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል፤ እየተራመዱ ሳለም፣ ካቆሙ በኋላም ለጥቂት ጊዜ። ልብ በሉ፣ ሩጫ አላልኩም፣ ጂም አላልኩም። እርምጃ ነው ያልኩት።

የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር ማስረጃ አያጣም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኮክሬን ግምገማ 24 ጥናቶችን፣ ከ7,000 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ መዝኖ፣ ስፖርት ሲጋራን ለረጅም ጊዜ ለማቆም ይረዳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ይህን ደብቄ «ስፖርት ሲጋራን ያስጥላል» ብል መዋሸት ነው የሚሆነው። ስፖርት ለሱስ መድኃኒት አይደለም፤ እኔም መድኃኒት ነው አላልኩም። እኔ የምለው እርምጃው የሚሞላው ያችን የ10 ደቂቃ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳዋ ደግሞ በቀን አምስት ጊዜ ትመጣለች። ማክሰኞና ሐሙስ ጂም ግባ የተባለ ሰው፣ ሐራራው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ቢመጣበት ምን ያድርገው? ለሐሙስ ቀጠሮ ይስጠው?

መድኃኒትስ የለም ወይ ለሚል፣ አለ። የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የማቆምን ዕድል በግማሽ ያህል ከፍ እንደሚያደርጉም በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። ይህን አንብቤ ክሊኒክ ሄጄ የኒኮቲን ማስቲካ ስጠይቅ ሲስተሯ ካርዴን አገላብጣ አይታ «ማስቲካ ከሆነ ሱቅ አለልህ» አለችኝ። ስትቀልድ አልነበረም። አልፈርድባትም፤ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 ዓመት ጀምሮ ካለው ሕዝባችን ውስጥ ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ገደማ ነበር። ከሌላው ዓለም አንጻር ደስ የሚል ቁጥር ነው። ለአምስቱ በመቶ ግን ያን ያህል ጥሩ ዜና አይደለም፤ ጥቂት ስለሆኑ የሚያስብላቸውም ጥቂት ነው። የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ግን «ጥቂት ናችሁ» ብሎ አልናቀንም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ ገዝቶ ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ያህል ሲያደርስ የከፈለው ሲደመር ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣ ሰው ወጣቱ ነገ እንደሚያጨስለት ተስፋ አድርጎ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው፤ አምስቱን ሰዓቶች አልነካኋቸውም፤ የምሠራባቸውን ነገር ብቻ ቀየርኩ። ጠዋት ከዶርም 10 ደቂቃ ቀድሜ ወጥቼ በረጅሙ መንገድ ዞሬ ክፍል እገባለሁ። ከምሳ በኋላ ከካፌው እስከ ሬጅስትራር ደርሶ መልስ። ከክፍል ስወጣ ያው ግቢውን አንድ ዙር። ማታ ከጥናት መሃል ውጪው ሲበርድ የዶርሙን ደረጃ ከታች እስከ ላይ ሁለት ጊዜ። (ፕሮክተሩ በሦስተኛው ቀን «ስማ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው የምትመላለሰው?» ብለው አስቆሙኝ። እውነቱን ስነግራቸው «እኔ ደሞ ሌባ እየተከታተልክ መስሎኝ» አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ «ስንት ደረሰ?» ይሉኛል።) የ11 ሰዓቷ ግን ከባድ ነበረች፤ እሷ ከጓደኞች ጋር ናት። ብቻዬን ብቀር ጓደኞቼን አጣለሁ፣ ሱቁ ደጃፍ ብቆም ሳላጨስ አልመለስም። ስለዚህ «እየሄድን እናውራ» አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ሁለቱ ግን መጡ፣ አንዱ እያጨሰ። ጭሱ ከጎኔ እየመጣም ቢሆን በቆምኩበት ከማሽተት መሄዱ ይሻል ነበር።

አሁን ስለ ቡና ትንሽ ልቆይ፤ ይሄንን ማንም ስለማይነግረን። የትምባሆ ጭስ ውስጥ ያሉ ነገሮች ጉበት ካፌይንን የሚሰባብርበትን ኢንዛይም ያበዙታል። በዚህ ምክንያት አጫሽ የጠጣው ቡና ከሰውነቱ ቶሎ ይወጣል። ሰውየው ማጨሱን ሲያቆም ጉበቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ቡናው ግን አልተቀነሰም። ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ያንኑ ሦስት ስኒ ጠጥቶ ደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊት ጣሪያ ሲያይ ያድራል… ከዚያ «ሲጋራ ባቆም አበድኩ» ብሎ ተመልሶ ይለኩሳል። ሲጋራው አይደለም እኮ፣ ቡናው ነው! እኔ በመጀመሪያው ወር ከአቦል አላለፍኩም። ቤት ስሄድ እናቴ «በረካውን ሳትጠጣ የት ነው የምትሄደው?» ስትል ፈተና አለብኝ እያልኩ አመልጥ ነበር። (ማጨሴንም ማቆሜንም አታውቅም፤ ይህን ጽሑፍ ካላሳያችኋት በስተቀር።) ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት አገር ይህ ነገር በየካፌው ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ የሚገባው ይመስለኛል።

«ሳንባህ ሲጸዳ» የሚለው አባባል ራሱ ያሳስታል። ሳንባ እንደ ልብስ ታጥቦ የሚሰጣ ነገር አይደለም፤ ብዙ ዓመት ባጨሰ ሰው ላይ አንዳንዱ ጉዳት ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። ለመንቀሳቀስ ግን እስኪጸዳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቶሎ ከሚያደክሙን ነገሮች አንዱ ቶሎ የሚለቀን ነውና። እሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ የጭሱ ጋዝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ይዞ አልወርድም እንዳለ ተሳፋሪ በሉት፣ ኦክስጅን ቆሞ ይቀራል። ደስ የሚለው ካቆሙ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወርዶ ያልቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። እዚህ ሆኖ የሚያጨስ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚቀነስበት፤ ሲያቆምም ልዩነቱን ቶሎ ነው የሚያየው። እኔ ባቆምኩ በአምስተኛው ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ክፍላችን ስደርስ ስም ሲጠራ ነበር፤ ሳላለከልክ «አቤት» አልኩ። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ እኔ ግን ዙሪያዬን አየሁ፣ የሰማ ሰው ይኖር እንደሆነ።

ሳሉ መጀመሪያ አካባቢ ቢብስ ብዙ አያስደንግጥ፤ በአየር ቧንቧችን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች እንደገና መጥረግ ሲጀምሩ የሚሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሳልና የትንፋሽ ማጠር ከ1 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ይቀንሳሉ። ነገር ግን ሳል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ «ሲጋራ ስላቆምኩ ነው» ብሎ መቀመጥ የለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታ ማስመርመር ነው። የሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፣ አጫሽን ደግሞ ይበልጥ ይይዛል። ደረቱን የሚያመው ወይም ልቡን ታሞ የሚያውቅ ሰውም ከመሮጡ በፊት ሐኪም ይየው።

ስለ ኪሎ መጨመርም ይወራል። እውነት ነው፣ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 4 ወይም 5 ኪሎ ይጨምራል። የካፌያችንን ምግብ ለሚበላ ተማሪ ይህ ችግር መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ሌላው እንቅፋት እፍረት ነው። የአበበ ቢቂላ፣ የደራርቱ፣ የኃይሌ፣ የቀነኒሳ አገር ልጅ መሆን ለጀማሪ ሯጭ ዕዳ ነው! ሁለት መቶ ሜትር ሳትሄድ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያለ ይከተልሃል፣ ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ላይ ሆኖ «በርታ!» ይልሃል። ጀማሪው ታዲያ ሳያስበው ይፈጥናል፤ አንድ ዙር ሳይሞላ ጎኑን ይዞ ይቆማል፤ «የኔ ነገርማ አብቅቷል» ብሎ ይደመድማል። ሶምሶማ ማለት ግን እየሮጡ ወሬ ማውራት የሚቻልበት ፍጥነት ነው። ወሬው ከተቋረጠ ፈጥነሃል ማለት ነው። እኔ በሁለተኛው ሳምንት ስጀምር አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ይህንኑ ስድስት ጊዜ፤ በቃ። አንድ ቀን ጠዋት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ «እየሮጥኩ» አልፈውኝ ሄደዋል፤ «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ» ብለውኝ። ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነበር። ሦስተኛው ወር ላይ ግማሽ ሰዓት ሳልቆም መሮጥ ቻልኩ፤ አሁንም ቢሆን ቀስ ብዬ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ታላቁ ሩጫ አንድ ነገር ልበል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ጥሩ በዓል ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ቲሸርቱን ለብሶ፣ ጨፍሮ፣ ፎቶ ተነስቶ «ስፖርት ጀምሬያለሁ» የሚል ጓደኛ ሁላችንም አለን። ውድድሩ በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ሲጋራዋ በቀን አምስት ጊዜ ናት። አይመጣጠኑም።

አሁን ወደ ክርክሬ ዋና ነገር ልምጣ። የዶርሜ ልጅ (11 ሰዓት ላይ ከተከተሉኝ ከሁለቱ አንዱ) እኔ ካቆምኩ ከወር በኋላ እሱም አቆመ። ሰባት ሳምንት ቆየ። የፋይናል ሳምንት ሲመጣ፣ ኮስት አካውንቲንግ ከወጣን በኋላ፣ ለኮሰ። ማንም አልተገረመም። ያን ዕለት 11 ሰዓት ላይ ጫማዬን ሳስር አልጋው ላይ ተጋድሞ፦

«እኔ አልመጣም» አለኝ።

«ምነው?»

«አጭሻለሁ ባክህ።»

«ታዲያስ? በእግርህ ነው እንዴ ያጨስከው?»

ሳቀ፤ መጣም። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ እያጨሰ ሶምሶማውን አላቋረጠም። በሰባተኛው ሳምንት እንደገና አቆመ፤ ይህን ስጽፍ አሥር ወር ሊሞላው ነው። አብዛኛው ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሮ ነው የሚያቆመው፤ ይህ የታወቀ ነው። እንግዲህ «መጀመሪያ አቁም፣ ከዚያ ትሮጣለህ» የሚለውን ምክር እዚህ ልጅ ላይ አስቀምጡትና እዩት። በምክሩ መሠረት ስፖርት የሚገባው ለንጹሕ ሰው ብቻ ነው፤ የሽልማት ዓይነት። ስለዚህ በፋይናል ሳምንት አንዷን ፍሬ ሲለኩስ ሲጋራውን ብቻ አይደለም የጀመረው፣ ሩጫውንም አጥቶታል፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን። ሩጫው ለብቻው የቆመ ከሆነ ግን ሲጋራዋ ብትመለስም እግሩ አለ፣ ጓደኛው አለ፣ 11 ሰዓቱ አለ፤ የሚመለስበት ቦታ አላጣም። እያጨሱ መሮጥ ጤናማ ነው እያልኩ አይደለም። እያጨሱ መሮጥ፣ እያጨሱ ከመቀመጥ ይሻላል ነው የምለው፤ ለማቆምም በር ይከፍታል።

(ጫት ላይ ተቀምጦ ሲጋራ አቆማለሁ ስለማለት አልጻፍኩም። እሱ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ የሚጽፍበት ሰው ቢገኝ ቡለቲኑ ቦታ የሚነፍገው አይመስለኝም።)

ሴት እህቶቻችንን ረስቼ ብዘጋ ጽሑፉ ጎዶሎ ይሆናል። የሚያጨሱ አሉ፤ ተደብቀው ስለሚያጨሱ ተደብቀው ነው የሚያቆሙት። ስሟን የማልጠራት የክፍላችን ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ «እናንተ ሱቅ ደጃፍ ቆማችሁ ታጨሳላችሁ፤ ስታቆሙ ደግሞ ይጨበጨብላችኋል። እኔ ሽንት ቤት ውስጥ ጀምሬ ሽንት ቤት ውስጥ አቆምኩ።» የኔ ዘዴ ለሷ እንደማይሠራም ነገረችኝ። ማታ ደረጃ ብትመላለስ ይወራባታል፤ ጠዋት 12 ሰዓት መንገድ ላይ ልሩጥ ብትል ደግሞ የሚከተላት «ኃይሌ» የሚል ሕፃን ብቻ አይደለም። የሚያስፈልጋት ብርሃን ያለው፣ ሰው ያለበት፣ አጥር ውስጥ ያለ ቦታ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ አለን። ግቢያችን ሜዳ አለው። ሜዳው አጥር አለው፣ አጥሩ በር አለው፣ በሩ ቁልፍ አለው። የሚከፈተው ለት/ክፍሎች የኳስ ውድድርና ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ሣሩ ያርፋል። ለምን ሲባል «ንብረት ይበላሻል» ነው መልሱ። እሺ፣ ሣር ንብረት ነው። እንደ ሙያዬ ልጠይቅና፣ ይህ ቋሚ ንብረት በዓመት ስንት ሰዓት አገልግሎት ይሰጣል? ዘበኛውን ጋሼን አነጋግሬያቸው ነበር። «ልጄ፣ ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው፤ ትዕዛዙ ግን ቢሮ ነው» አሉኝ። ከግቢው ውጪ ያለችው ሱቅ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ናት፤ ሲጋራዋም በፍሬ፣ ለኮሰሽ ብትላት ክብሪቱም አብሮ። ሜዳው ዝግ ነው። ስለ ወጣቶች ጤና ዓመት በዓመት በአዳራሽ የሚደረገውን ንግግር የማዳምጠው ይህን እያሰብኩ ነው።

ባለፈው ወር ለተማሪዎች ዲን ጽ/ቤት ማመልከቻ አስገብተናል። 41 ፊርማ አለበት፤ ከፈራሚዎቹ ስንቱ እንደሚያጨስ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፦ ሜዳው በየቀኑ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ለማንኛውም ተማሪ እንዲከፈት፣ በበሩ በኩል ያለው የተቃጠለ አምፖል እንዲቀየር። የአምፖሉን ወጪ ክፍላችን አዋጥቶ ሊሸፍን እንደሚችልም ጽፈናል። መልስ እስኪመጣ ከላይብረሪው ጀርባ ባለው ኮብልስቶን ላይ ነን፤ ከዋናው በር እስከ ጋራዡ ደርሶ መልስ፣ በየቀኑ ከ11 ሰዓት ጀምሮ። ቱታ ግዴታ አይደለም፣ ሸራ ጫማ ይበቃል። ያቆመም፣ ያላቆመም፣ ገና የሚያስብም መምጣት ይችላል። ሲጋራ ይዞ የመጣ በሩ ጋ ይጨርስና ይቀላቀለን፤ ቀስ ብለን ስለምንሄድ ይደርስብናል።